ያልቀመስኩት ድስት

የተበደልኩት መስከረም 20 ቀን 2015፣ አርብ ዕለት ነው። ከንጋት ጀምሬ ያበሰልኩትን የበሬ ሥጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ገለበጡት። ገና ይጨስ ነበር። የገለበጡትን ሰዎች አልቀየምኳቸውም፤ አያውቁኝም። የበደለኝ አንድ ሰው ነው። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ቆሞ አየና «ይኼን ሰው እኔም በደንብ አላውቀውም» አለ።

እንዲህ በቀጥታ የጀመርኩት ማለሳለስ ስለማልችልበት ነው። ፊደል የቆጠርኩት አባት ከሆንኩ በኋላ፣ በስደተኛ ካምፕ፣ አንድ ዲያቆን አሸዋ ላይ በእንጨት እየጻፈልኝ ነው። አሸዋ ላይ የተማረ ሰው ቃል አያባክንም፤ ነፋስ ሳይመጣ ማንበብ አለበት።

ካምፑ ቦትስዋና ነው። ከሀገር ስወጣ እንደ ሰዉ ሁሉ ሐሳቤ ደቡብ አፍሪካ ነበር። መንገድ ላይ ቦትስዋና ያዘችኝና ከርሜ ቀረሁ። ልጄም እዚያው ተወለደች። በኋላ ከካምፑ የመውጫ ፈቃድ ተሰጠኝና አንድ ሽማግሌ በያጅ ዘንድ ሥራ ገባሁ። ሽማግሌው በሥራ ቀን «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ከማለት ሌላ አይናገሩም ነበር። በዓል ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ማልደው በሬን ያንኳኩና «ተነሣ፣ እንጨት እንፍለጥ» ይሉኛል። ያንን ሀገር ያወቅኩት በእንጨት ፈለጣ ነው።

እዚያ ሰው ሁሉ ሁለት ቤት አለው፤ የሚሠራበት ከተማና የተወለደበት መንደር። ገና ሲደርስ ከተማው ጭር ይላል። አውቶቡሱ ፍራሽና ዶሮ ጭኖ ወደ መንደር ይጎርፋል። ሕፃናቱ በአዲስ ልብስ ሆነው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየቤቱ ዝንጅብል የተዘፈዘፈበት ጌሜሬ የሚሉት መጠጥ በባልዲ ይቀመጣል። ስካር የለውም፤ ጉሮሮ ግን ያቃጥላል። ሐምሌ ውስጥ ደግሞ በላይ በላይ የሚውል የመንግሥት በዓል አለ፤ ብርድ ነው፤ ሰዉ እሳት ዳር ሲጨፍር ይውላል።

ከሁሉም ትልቁ ግን ቦይፑሶ ነው፤ የነፃነት ቀን፣ ሴፕቴምበር 30። ከመስቀል በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ተማሪዎች በኳስ ሜዳው ይሰለፋሉ፤ የመንደሩ አለቃ ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩን ቆም ባደረገ ቁጥር ሕዝቡ «ፑላ!» ይላል። ፑላ ዝናብ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ምድሩ ደርቆ የከብቱ ጎድን ይቆጠራል። እኔ መስቀልን «ዝናቡ ወጣልን» ብዬ አከብርና፣ በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ቆሜ «ዝናብ ና!» ብዬ እጮሃለሁ። እግዜር የትኛውን እንደሚሰማኝ እሱ ያውቃል።

በበዓል ሥጋ የሚያበስለው ወንድ ነው። መጀመሪያ ሳይ አፈርኩላቸው። የተከበሩ ሰዎች፣ ባለ ባርኔጣዎች፣ ባለ ሦስት እግር የብረት ድስት ከበው ያማስላሉ። ሴት ወደዚያ ድስት ዝር አትልም። ምግቡን ሴስዋ ይሉታል። ሥጋው ከነአጥንቱ በውኃና በጨው ብቻ ይቀቀላል፤ ሲፈራርስ አጥንቱ ይለቀማል፤ ከዚያ በእንጨት ማማሰያ እየተመታ ክር ክር ይላል። በርበሬ የለው፣ ቅመም የለው። መጀመሪያ «የበሽተኛ ምግብ» ብዬ ነበር። ሁለተኛ ጉርሻ ላይ አፌን ያዝኩ።

እንጨት በመፍለጥ ጀምሬ፣ አጥንት ወደ መልቀም አደግኩ። ማማሰያውን የሰጡኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን አሠሪዬ አንድ ነገር ነገሩኝ። ማማሰያውን የያዘ ሰው፣ ሳህን ከመቅረቡ በፊት፣ ሰው እያየው ከድስቱ ቆንጥሮ ይበላል። ቀጥሎ ለታላቁ ሰው ያቀምሳል። በሉ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የኛም ሴቶች ጠላ ሲያቀርቡ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱ የለ? ገባኝ።

ካናዳ ተቀብላን ቶሮንቶ ስንመጣ ያ ሁሉ የቀረ መስሎኝ ነበር። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን፤ እኔ ጋራዥ ገብቼ ጭስ ማውጫ እበይዳለሁ። አንድ ቀን ባስ ውስጥ አንዲት አሮጊት በስልክ ሰው ሲቆጡ ሰማሁ፤ በሴትስዋና፣ በቦትስዋና ቋንቋ። ስልኩን እስኪዘጉ ጠብቄ በቋንቋቸው «ደህና ዋሉ፣ ማ» አልኳቸው። ማ ማለት እመቤት እንደማለት ነው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይኼን አፍ ከየት ሰረቅኸው?» አሉ።

ከኛ ቀጥሎ ያለው ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ማ እላቸዋለሁ። ከሀገራቸው ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ትተው ያንን ባለ ሦስት እግር ድስት ነው ያመጡት። «ድስት አለኝ፣ ወንድ የለኝም» አሉኝ። የቦትስዋና ሰው ቶሮንቶ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ጓሮ አይሞላም። ልጆቹ ደግሞ ማማሰል አልተማሩም። ማማሰያው እኔ እጅ ገባ።

የምንሰበሰብበት ጓሮ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ነው። የቤቱ ባለቤት የማኅበራቸው ሰብሳቢ፣ ባንክ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ማሎሜ ይለኝ ነበር። ማሎሜ የእናት ወንድም ነው፤ በእነሱ ዘንድ ከአጎት ሁሉ ይከበራል፣ በሠርግ ቀን የከብቱ ጭንቅላት ለእሱ ነው የሚሰጠው። እዚህ ከተማ በጓሮ እንጨት ማንደድ ስለማይፈቀድ በፕሮፔን ጋዝ ነው የማበስለው። የድስቱ ሦስት እግሮች ምድጃው ላይ አልቀመጥ ስላሉ ጋራዥ ውስጥ የብረት መቆሚያ በየድኩለት። ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ሥራዬን አላሞግስም፤ እሱ ግን ጥሩ ነው።

በዓሉን ሁልጊዜ ለቀኑ በሚቀርበው ቅዳሜ ነበር የምናከብረው። አበስላለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ለማ አቀምሳለሁ፣ ይበላል። በዚያ ዓመት ሰብሳቢው ደወለልኝ። ሴፕቴምበር 30 ካናዳም የመታሰቢያ ቀን አድርጋዋለች፤ ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ትምህርት ቤት ለተወረወሩት ለነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች ነው። ባንክ ዝግ ነው።

«ማሎሜ፣ ዘንድሮ በቀኑ እናድርገው። እንግዳም አለብኝ።» እንግዳው ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት ነው፤ ከኦታዋ ይመጣል።

«አርብ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ አርብ።»

«አርብ ሥጋ አልበላም፣ ጾም ነው። አበስላለሁ፣ አልቀምስም። ለሰዎቹ ቀድመህ ንገርልኝ።»

«ኖ ፕሮብሌም፣ ማሎሜ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ባለቤቴ ስትሰማ «አንተው በአፍህ ብትነግራቸው አይሻልም?» አለችኝ። የቤቱ ጌታ እያለ እኔ ምን ብዬ፣ አልኳት። ደግሞም ሳይቀምሱ ማብሰል ለኛ ምኑ ነው? እሷ የፋሲካን ዶሮ ጾም ሳይፈታ ነው የምትሠራው። ጨው ማነሱን በማሽተት ታውቃለች። እናቷም እንደዚያው ናት። ሰው ይኼን ክፉ ያስበዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቀኑ ደረሰ። ማ ጉንፋን ይዟቸው አልመጡም። እሳቸው ቢኖሩ ይኼን አልጽፍም ነበር። ሥጋው በሰለ፣ አጥንቱን ለቀምኩ፣ መታሁት። አማት የሚሆኑት ሰውዬ በሙሉ ልብስ፣ በባርኔጣ፣ ጓሮው መሐል ወንበር ላይ ተሰይመዋል። ሳህን ሲቀርብ እጃቸውን አነሡ።

«ማማሰያ የያዘ ይቅደም!»

«እኔ ዛሬ ጾም ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ሳቁ። «በነፃነት ቀን? በበዓል የሚጾመው የየት ሀገር ሰው ነው?»

«የኢትዮጵያ።»

«ለአንተ ሆድ ያልሆነ ለኔ ሆድ ይሆናል?»

ከተሰበሰበው አብሯቸው የሳቀ ሰው ነበር፤ አሁን ሳቁን ዋጠ። ያነሣቸውን ሳህኖች መልሶ ያስቀመጠም ነበር። በእነሱ መንደር ምን እንደሚታሰብ አውቃለሁ፤ አብስሎ የማይበላ ሰው በድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። እኔ ሰብሳቢውን አየሁት። «ነግሮኛል» ቢል ያልቃል። ሰውዬውም ወደ እሱ ዞሩ።

«ይኼን ሰው ታውቀዋለህ?»

ያለውን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አልጽፈውም። ማሎሜ የሚለኝ ልጅ «ይኼን ሰው» አለኝ።

ከኦታዋ የመጡት ዘመዶች ፌስታል ያዙ፣ ድስቱን አዘነበሉ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። «ዳድ፣ ሌትስ ጎ» አለችኝ፤ በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። ጋዙን አጠፋሁ። ድስቱ የማ ነው፣ ተውኩት። መቆሚያው የኔ ነው፤ በጆንያ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። ባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ሆኖ እስከ ቤት ድረስ ሞቀኝ። አጠገቤ ብርቱካናማ ካናቴራ የለበሱ ተማሪዎች ነበሩ፣ ለዚያው ለመታሰቢያው። አንዷ «ምንድነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ታክሲ የሚነዳ የሀገሬ ልጅ አለ፣ ጓደኛዬ ነው። ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሀገር ነፃነት ምን ቤትህ ነው? ቅቅል ቀቅለህ ሄደህ ልትወደስ?»

«አብልተውኛል፤ አበላኋቸው።»

«ታዲያ ብትቀምስላቸው ምን ነበረበት? አንዲት ቁንጥር! እግዜር ኦንታሪዮ ድረስ መጥቶ ቁንጥር ይቆጥራል?»

«አንተን ስለማይቆጥርህ ነዋ እንዲህ የወፈርከው።»

«በቃ ኮል አድርግለትና ስደበው፣ ይውጣልህ።»

አልደወልኩም። መስደብ አልነበረም የምፈልገው። ሰዎቹ ካዩት ነገር ይዘው የሄዱት አንድ ነገር ነው፤ ያ ኢትዮጵያዊ ሊያበላን የነበረውን እግዜር ይወቀው፣ የሚል። እኔ እዚህ ከተማ ሀብት የለኝም፣ ትምህርት የለኝም። ያለኝ ሰው ከእጄ መብላቱ ነው። እሱን ነው ፌስታል ውስጥ የጨመሩት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰብሳቢው ጋራዡ መጣ። መኪናውን አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ማሎሜ፣ ሶሪ። ያን ቀን ፕሬዠር ነበረብኝ። ሰውዬው ፊት... ያውቁታል።»

«አላውቅም። ሶሪህን ይዘህ ሂድ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በሰው ፊት የተደፋ ሥጋ መኪና ውስጥ አይታፈስም። እነዚያው ሰዎች ባሉበት ‹አውቅ ነበር› በል። ሁለት ቃል ናት።»

«አማቴ ፊት?»

«አማትህ ፊት።»

መሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ መስኮቱን ዘጋ። አልፈረድኩበትም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ ፈርጄበታለሁ። ግን ፊቱ የልጅ ፊት ነበር። ሌላ ነገር ሳይሆን ፍርሃት ነው ያየሁበት፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ቦይፑሶ ቅዳሜ ዋለ። ጠሩኝ፣ አልሄድኩም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማ በር ላይ በከዘራቸው ቆመዋል። ያን ሰሞን ሊፍታችን ተበላሽቶ ነበርና በደረጃ ነው የወጡት። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ። መቆሚያው በረንዳው ላይ ይታያል።

«ብረቱን ሊወስዱ ነው የመጡት?» አልኳቸው።

«ብረት ምን ያደርግልኛል፣ ጥርስ የለኝም። ትናንት ምን አበሉኝ መሰለህ? ሶሴጅ። በነፃነት ቀን፣ ሶሴጅ!»

«እኔን ምን አገባኝ፣ ማ።»

«ያገባሃል። እኔ በጥር ወደ ሀገሬ እመለሳለሁ፣ ላልመለስ። መሬቴ ላይ ነው የምሞተው። ከዚያ በፊት አንድ ገና በድስቴ እፈልጋለሁ።»

«የእናንተ ገና የሚውለው በኔ ጾም ውስጥ ነው» አልኳቸው። «ሙሉውን ወር ከሥጋ ነፃ ነኝ። አሁንም አልቀምስም። ደግሞ ይድፉት?»

ማ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ሞኝ። ትናንት መጥተህ ብትበላ ምን ይጠቅምህ ነበር? ‹ተፀፅቶ በላ› ይሉህ ነበር። ሳትቀምስ ነው መብላት ያለባቸው።»

ይኼን እኔ አላሰብኩትም ነበር። በሆዴ የነበረውን ራሴ ብፈልገው እንዲህ አድርጌ አላገኘውም ነበር።

«ልጁስ?» አልኩ።

«ልጁን ለኔ ተወው። እናቱን ያዋለድኩ እኔ ነኝ።»

ገና ሰኞ ነበር። በረዶ የለም፤ ሰማዩ እንደ ሐምሌ ዳምኖ ያካፋል። በጓሮው ፋንታ የሰብሳቢውን ቤት የመኪና ጋራዥ በር ከፍተን፣ ድስቱን በር ላይ፣ መቆሚያዬ ላይ አስቀመጥኩት። እግሮቹ ቦታቸውን አልረሱም። አማትዬው መጥተዋል፤ ልጃቸውን ድረዋል፣ ያው ባርኔጣ ነው። ከጨው በቀር አንድ ነገር አልጨመርኩም፤ ከድስቱ አንድ ነገር አልቆነጠርኩም። ሥጋው ክር ክር ሲል ማማሰያውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደምኩና ወደኋላ ቆምኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ማ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሰብሳቢው ተነሣ። ድምፁ አይሰማም።

«ምን አልክ?» አሉ ማ። «ጆሮዬ ደህና አይደለም።» ጆሯቸው ከኔ ይሻላል።

«አውቅ ነበር» አለ፣ ጮክ ብሎ። «ያን ጊዜ ጾም መሆኑን አስቀድሞ ነግሮኛል። ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ጾም ነው።»

አማቱን አላየም፤ ቢያይ የሚጨርሰው አይመስለኝም። መጣና በእጁ ከድስቱ ቆንጥሮ በላ፣ ትኩስ ስለሆነ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወይም በሌላ። ከዚያ በትንሽ ሳህን ለአማቱ ይዞ ሄደ።

ሰውዬው ሳህኑን ያዙ እንጂ አልበሉም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ካልቀመስክ ጨው ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«በአፍንጫዬ።»

«በአፍንጫህ።»

«ባለቤቴ ትበልጠኛለች። እሷ ከሌላ ክፍል ሆና ታውቃለች።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሌላው ተከተለ። ሰውዬው አልሳቁም። ቀመሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። «ትንሽ ጨው ይቀረዋል» አሉ፤ ሳህኑን ግን መልሰው ዘረጉልኝ። ሞላሁላቸው።

ሰዉ ተሰለፈ። ማ ጠሩኝና ክዳን ያለው ሳህን አወጡ፤ በቆሎና ባቄላ አብሮ የተቀቀለ። «ቅቤ የለበትም፣ ሥጋ አልነካውም። ምን እንደምትበላ ልጅህን ጠይቄ ነው የሠራሁት» አሉ። ራሳቸው ቀምሰው በእጃቸው አቀመሱኝ። ጌሜሬም ቀዱልኝ፤ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ዝናቡ በረታና ከጋራዡ አፍ ላይ የቆሙት ወደ ውስጥ ሸሹ። አንዱ «ፑላ!» አለ፣ ሁላችንም መለስንለት። ልጄም ጮኸች፤ በእንግሊዝኛ የማይባል ነገር ነው።

ማ በጥር ሄዱ። ድስቱን ትተውልኝ ነው የሄዱት፣ በረንዳዬ ላይ መቆሚያው ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ማሎሜ ይለኛል፤ እመልስለታለሁ። ያ የተደፋው ሥጋ ግን አሁንም ይቆጨኛል፤ ሥጋ አይደፋም። በደሉ የተዘጋው በእነሱ ገና፣ በኔ ጾም፣ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ነው።